ዳኛውና ሁለቱ ካሊፐሮች

የእህቴን ባል መኪና በሚጠገንበት ግቢያችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ዳኛው ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣለት እዚያው ብረት የሚበይደው በያጅ ነው፤ አልተሳሳተም። ዳኛው ፍሬን ሠሪ ነው። ጎማ ፈትቶ ገና ውስጡን በቅጡ ሳያይ ፊቱን ማጨፍገግ ይጀምራል። ከዚያ ከሱ በፊት መኪናውን የነካውን መካኒክ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሳሹም ምስክሩም ራሱ ሆኖ ይፈርድበታል። የፍሬን ሸራው ተገልብጦ ነው የገባው፣ ብሎኑን በምን ጉልበት ነው እንዲህ ያሰረው፣ ይሄ ሰው መጥረቢያ ይዞ ነው እንዴ የሠራው ይላል። ባለመኪናው ይስቃል፣ በያጁ ይስቃል፣ እኔም ስፌቴን አቁሜ እስቃለሁ። እኔ የመኪና ወንበር ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከሱ መሥሪያ ቦታ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ፍርዱ ሁሉ ሳልጠይቅ ይደርሰኛል።

ሐቁን መናገር ካለብኝ ግን ሥራ ያውቃል። እሱ የሠራው ፍሬን ተመልሶ አይመጣም። ይህንንም ደጋግሞ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው፤ እኔን የሚያበሽቀኝም እዚህ ላይ ነው። ሰው ሥራውን ሲያውቅ ሌላው ቢያወራለት ያምራል። ዳኛው ሌላው እስኪያወራለት የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልፈጠረበትም።

ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ያገባችውም መካኒክ ነው፤ የከተማ አውቶቡሶች የሚጠገኑበት ትልቅ ጋራዥ ፍሬን ክፍል ውስጥ የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው። ዳኛው ለዚህ አማቹ ፊት ሰጥቶት አያውቅም። አውቶቡስ ፍሬኑ በነፋስ የሚሠራ ነገር ነው፣ የዘይት ፍሬን ምኑን ያውቀዋል ይላል፣ ሰውየው እዚያው ተቀምጦ እየሰማ። አማቹ ይሰማል፣ ፈገግ ይላል፣ ጋሼ እያለ ውሃ ይቀዳለታል። አንዳንድ ጊዜ በሱ ፈንታ የምናደደው እኔ ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ የምትነዳት መኪና አሮጌ ናት። ድሮ ቀለሟ ምን እንደነበር ቁጭ ብሎ መከራከር ይቻላል። የኋላ ወንበሯን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እዚያ ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል፣ የዳኛው የልጅ ልጅ የሚሄድበት። አንድ ጠዋት ልጅቷ ነድታ ስትገባ ገና ከበሩ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። መሪው ወደ ቀኝ ይጎትተኛል፣ መኪናዋም አልሄድ ትላለች አለች። ዳኛው መዳፉን ወደ ቀኙ የፊት ጎማ አስጠጋና ሳይነካው መለሰው። ካሊፐሩ ነክሶ ቀርቷል አለ።

ካሊፐር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት በኩል ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመው ብረት ነው። ውስጡ ያለው ፒስተን ሲዝግ መጭመቁን ይጨምቅና መልቀቅ እምቢ ይላል። ሾፌሩ እግሩን ቢያነሳ እንኳ እሱ አያነሳም። እንዲህ ሆና ስትሄድ የከረመች መኪና ዲስኳ ግሎ፣ ሸራዋ አልቆ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጉድ ትሠራለች። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ሕፃኑን ከመቀመጫው አውጥታ እቅፍ አደረገችው።

ዳኛው ፍሬን ሁልጊዜ በጥንድ ነው የሚቀይረው። የቀኙ ከተቀየረ የግራውም መቀየር አለበት፣ አለበለዚያ መኪናዋ አንካሳ ትሆናለች ይላል። ስለዚህ ሁለት አዲስ ካሊፐሮች ከካርቶናቸው ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለማያውቅ ሰው አንድ ዓይነት ናቸው። ለሚያውቅ ሰው ደግሞ አንደኛው የግራ ነው፣ አንደኛው የቀኝ።

በዚያን ዕለት ግቢው ሙሉ ነበር። በያጁ ጋዝ አልቆበት ሥራ ፈትቷል፤ ወረፋ የሚጠብቁ ባለመኪናዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ከነሱ መሐል አማቹ ከሚሠራበት ጋራዥ የመጣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ የግል መኪናውን ሊያሠራ። ሰው ሲበዛ የዳኛው ምላስ ይፈታል። የዕለቱ ተከሳሽ አማቹ ሆነ። ከጥቂት ወራት በፊት የዚችን መኪና ዋና የፍሬን ፓምፕ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን፣ የቀየረው አማቹ ነው፣ በእረፍት ቀኑ፣ ደጃፉ ላይ። ዳኛው ሳይጠየቅ መቀየሩ ሲከነክነው ከርሟል። እና እጁ ካሊፐር ሲያስር አፉ ፓምፑን ይፈታ ነበር። ፓምፕ ደጃፍ ላይ አይታሰርም፣ አቧራ ገብቶበታል፣ ይሄን አይቼ ነው ልጄን የዳርኳት እንዴ ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ እሱም ሰው ሲስቅለት ይብስበታል። የቀኙን አስሮ ወደ ግራው ሲዞር እንኳ ፊቱ ወደ ታዳሚው ነበር።

ከዚያ አየር የማስወጣቱ ሥራ መጣ። የፍሬን ቱቦ ሲፈታ አየር ይገባበታል፤ አየር ያለበት ፍሬን ደግሞ ስትረግጠው ልፍስፍስ ይላል፣ መኪና አያቆምም። ስለዚህ አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተንፈሻ ብሎን ከፍቶ ዘይቱ አየሩን እየገፋ እንዲያወጣው ያደርጋል። ረጋጩ እኔ ሆንኩ። ርገጥ ሲለኝ እረግጣለሁ፣ ያዝ ሲለኝ እይዛለሁ፣ ልቀቅ ሲለኝ እለቃለሁ፤ ለእህቴ ባል እንደዚያ ታዝዤ አላውቅም። ዘይቱ ጥርት ብሎ መውጣት ጀመረ፣ አረፋ የሚባል ነገር ጠፋ። ፔዳሉ ግን ከእግሬ ሥር ወለሉ ድረስ ሰመጠ። እንደገና ጀመርን። ባቴ እስኪዝል ረገጥኩ። ያው ነው።

ዳኛው ቀና ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። ይኸው፣ አልነገርኳችሁም፣ ፓምፑ ነው አለ። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ስልኩን አውጥቶ ለአማቹ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። አሁኑኑ ና፣ የሠራኸውን ሥራ መጥተህ እይ አለው። የእህቴ ልጅ ሕፃኑን አቅፋ ሱቄ በር ላይ ቆማ ነበር። ተው አባዬ አለች፣ ቀስ ብላ። የሰማ አልመሰለም።

አማቹ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ከተፍ አለ። ዳኛው ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰውም።

«ልጄንና የልጅ ልጄን በዚህ ፓምፕ ነው የጫንካቸው?» አለው።

አማቹ መኪናው ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን አንዴ ረገጠ፣ ወጣና የቀኙ ጎማ ጋ ቁጢጥ አለ። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ካሊፐሩን ከታች ዳሰሰ። ተነሳና ወደ ግራው ሄደ፤ እዚያም ቁጢጥ አለ፣ እዚያም ከታች ዳሰሰ። ፓምፑ ያለው ከኮፈኑ ሥር ነው፤ እሱ ግን ወደ ኮፈኑ ዞር ብሎም አላየ። ቀና ብሎ ዳኛውን አየው። ዳኛውም ዓይኑን ተከትሎ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። ሲነሳ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ለምን እንደቀላ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ንዴት መስሎኝ ነበር።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለ አማቹ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይተዉልኝ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። በያጁ አጨበጨበ፣ ሾፌሩም ለጓደኞቻችን የምንነግረው አገኘን አለ። ዳኛው ብቻ አልሳቀም። ይልቅስ ዞሮ ሥራ የላችሁም እንዴ ብሎ ሁላችንንም ከመኪናዋ አካባቢ አባረረን፣ እኔን ረጋጩን ሳይቀር። ስፌቴ ጋ ተመልሼ ከሩቅ አየሁ። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆዩ፤ አማቹ ይሠራል፣ ዳኛው መፍቻ ያቀብላል። ዳኛው ለሰው መፍቻ ሲያቀብል አይቼ አላውቅም። ሲጨርሱ አማቹ ይርገጡልኝ አለው። ዳኛው ገብቶ ረገጠ፤ ፔዳሉ ጥንክር ብሎ ቆመ። ልጅቷ የመኪናዋን ቁልፍ ከአባቷ እጅ ተቀበለች፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ሕፃኑን አስራ ወጣች። ምስኪን፣ በባሏ አፍራ ነው አልኩ ለራሴ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አማቹ ግቢያችን ውስጥ ስም ወጣለት፤ ፓምፑ ተባለ። መጥቶ ሰላም ሲል ፓምፑ እንዴት ነህ ይሉታል። ይስቃል። ቤት ደግሞ እህቴ አለች። እህቴ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ ያ ሰው ልጄን ሊጨርስብኝ ነበር እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰች። ልጅቷ እንደ ድሮው ብቅ ማለት ስትተው በባሏ አፍራ ነው አለች እሷም። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ዳኛው ምግቡን ሳይጨርስ ከገበታ ይነሳል። እህቴ ለልጁ ተቆርቁሮ ነው ብላ ታዝንለት ነበር።

እኔ ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። ዳኛው መፍረድ ተወ። አንድ ቀን የመጣች መኪና የኋላ ፍሬኗ በሽቦ ታስሮ ተገኘ፤ በሽቦ! በያጁ ጠጋ አለ፣ እኔም መርፌዬን አስቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁ፣ ለዚህማ የዕድሜ ልክ ይፈረዳል ብዬ። ዳኛው ሽቦውን በጉጠት ቆርጦ ጣለ፣ ሥራውን ቀጠለ። አንዲት ቃል አልወጣውም። ፍርድ ቤቱ ተዘጋ እንዴ ብዬ ቀለድኩበት። ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ።

ነገሩ የፈነዳው ያ ሾፌር ዕቃ እስኪገኝላት ግቢያችን የከረመች መኪናውን ሊወስድ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ወሬውን ጋራዣቸው ውስጥ ነዝቶት ኖሯል። ለሳቅ ብሎ ነው፤ ሳቁ ግን አለቃው ጆሮ ደረሰ። አለቃው ደግሞ የገዛ ሚስቱን ፍሬን ያበላሸ ሰው ተሳፋሪ የሞላ አውቶቡስ አይነካም ብሎ አማቹን ከፍሬን ክፍል አውጥቶ ዘይት መቀየሪያ ጋ መደበው። ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ እንኳ ትንሽ ቅር ያለው ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ አያድርም፤ ግድግዳውን ዞሬ ሄድኩና ለዳኛው ነገርኩት። ደስ ይበልህ፣ ያንን ሰው ከእንጀራው አፈናቀልከው አልኩት።

ዳኛው ወድቆ የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ነገረኝ። ፓምፑ ምንም አልነበረውም። ካሊፐሮቹን ግራና ቀኝ አለዋውጦ ነው ያሰራቸው። ማስተንፈሻዋ ብሎን ከላይ መሆን አለባት፤ አየር ወደ ላይ ነውና የሚወጣው። እሱ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ሲያስር ብሎኖቹ ከታች ሆኑ። እኔ ስረግጥ ከታች ዘይት ይወጣል፣ አየሩ ከላይ ተዝናንቶ ተቀምጧል። እስከ ማታ ብረግጥም አይወጣም ነበር።

«ሥራ የጀመረ ሰው ነው ይሄን የሚሳሳተው» አለኝ። «ገና ጎንበስ ስል አየሁት። ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። እኔም ዝም አልኩ። እናንተን ያባረርኳችሁ ሲቀይራቸው እንዳታዩ ነው። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ዝም አልኩ።»

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ያን ሁሉ ስረግጥ መዋሌ ትዝ አለኝ፣ የአማቹ ፈገግታ ትዝ አለኝ፣ ፓምፑ ብዬ እኔም ጠርቼው ነበር፣ እሱም ትዝ አለኝ። ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ወንበር ሰፊ ነኝ፣ ተነስተህ ለሚመለከተው ንገር አልኩት። ወዲያው ተነሳ። እንዲህ በቶሎ ይነሳል ብዬ አልጠበቅኩም።

ግቢው መሐል ቆሞ በያጁንም፣ ሾፌሩንም፣ የነበሩትን ሁሉ ጠራ። ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የልጁ ሥራ እንከን የለውም አላቸው። ካሊፐሮቹን አለዋውጬ ነው ያሰርኩት አለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በያጁ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አይ ዳኛው» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ለአማቹ ብሎ የገዛ ስሙን የሚሰጥ ሰው አየን።»

ሌሎቹም ተቀበሉ። እንዲህ ያለ አማት የት ይገኛል አሉ። ዳኛው እውነቴን ነው አለ፤ እናውቃለን፣ እናውቃለን አሉት። ማለ፤ ሲምል ይባስ አመሰገኑት። ካሊፐር ግራና ቀኝ የሚያለዋውጥ ሰው አንተ ነህ? አንተ? ብሎ ሾፌሩ ሳቀ። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ራሱ ሲያወራ የኖረው ወሬ እንዲህ አድርጎ ሥር ሰዶ ኖሯል። እኔም እውነት ነው ብዬ ለመመስከር ሞከርኩ። የሚስቱ ወንድም ስለሆንኩ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም።

ዳኛው ወደ መሥሪያው ተመልሶ በሩን ገርበብ አደረገ። ተከትዬው ገባሁ። ዋሽቼ ተከበርኩ፣ እውነቱን ስናገር ይበልጥ ተከበርኩ፣ አሁን ምን ላድርግ አለኝ። አፍሮ ያየሁት ሰው ብዙ ነው፤ ሰው እያመሰገነው እንደዚያ ያፈረ ግን አላየሁም። ከዚያ እጁን ታጠበ። የአውቶቡሱ ጋራዥ አለቃ ጋ ነገ ጠዋት ራሴ እሄዳለሁ፣ ካላመነኝም ካሊፐር ይዤ ገብቼ እፊቱ አስሬ አሳየዋለሁ አለ። መጀመሪያ ግን እነሱ ቤት። ብቻዬን መሄድ ከብዶኛልና አብረኸኝ ና አለኝ።

መንገዱን ሁሉ ለአማቹ የሚለውን ሲያጠና ሄደ። ይቅር በለኝ ልጄ ልበለው ወይስ ይቅር በለኝ ብቻ ይሻላል ይለኛል። ሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፣ ሰው ፊት ነው የምክስህ ብለውስ ይላል። አንዱን ይይዝና ትንሽ እንደሄድን ይጥለዋል። እኔ ዝም ብዬ እከተላለሁ። ንዴቴ ከሱ ጋር መሄድ ስንጀምር ለቀቀኝ፤ አሳዘነኝ። ከፊቴ የሚሄደው ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ ነው፣ እኔ ደግሞ እስከዚያን ዕለት ሽማግሌ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር።

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት። ባሏ ከሥራ አልገባም ነበር። ሕፃኑ እንቅልፍ ላይ ነው አለች፣ ድምፅ አታሰሙ እንደማለት። ዳኛው እስክታስገባው አልጠበቀም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፣ ካሊፐሩን፣ ብሎኗን፣ ዝም ማለቱን፣ እኛን ማባረሩን። ግቢው እንዳላመነው እሷም እንዳታምነው ፈርቶ፣ ለሱ ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው አላት።

«አውቃለሁ አባዬ» አለችው።

ባሏ ነግሯት እንደሆነ ጠየቃት።

«ምን ይነግረኛል? ቆሜ እያየሁ አልነበር እንዴ» አለች። «እግሬ ፔዳል ላይ ከደረሰ ጀምሮ አየር ስታወጣ ስረግጥልህ አይደል ያደግሁት። ብሎኗ የት እንደምትሆን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። እሱ ቁጢጥ ብሎ ከታች ሲዳስስ ነው ነገሩ የገባኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ማንንም ሳታይ ቁልፏን ተቀብላ የወጣችው በባሏ አፍራ አልነበረም። ቤታችን መምጣት የተወችውም በባሏ አፍራ አልነበረም።

ዳኛውም የገባው ይመስለኛል፤ ለምን ዝም አልሽ አላት።

«እሱ ነው ዝም በይ ያለኝ። ጋሼ ራሳቸው መጥተው ይናገራሉ፣ ትንሽ ጊዜ እንስጣቸው እያለ። ከፍሬን ክፍል ሲያወጡትም ያው ነው ያለኝ።» የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበር። «እሱ ትመጣለህ ሲል ከረመ አባዬ። አትመጣም ስል የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው ለአማቹ የሚለውን መንገዱን ሁሉ ሲያጠና መጥቷል። ለልጁ የሚለው ግን አልነበረውም።